ለመብራቴ ሽማግሌ ላክሁ

አንዳንዱ ሰው በመጠጥ ይታማል፣ አንዳንዱ በቁማር። እኔ የምታማው በመብራት ነው። ያውም በአሮጌ መብራት፤ ያውም ከፈረንሳይ በመጣ የመስታወት መብራት። ይህን ስናገር ሰዎች የሚያሳዩኝን ፊት ስምንት ዓመት ሙሉ ስላየሁት፣ እናንተም አሁን ብታሳዩኝ አልቀየምም።

ለማያውቀው ላስረዳ። እነዚህ መብራቶች የተሠሩት ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ባለሙያዎቹ ቀለሙ የተለያየ መስታወት አንዱን በሌላው ላይ ይደርቡና፣ ላዩን በአሲድ እያስበሉ ዛፍ፣ ሐይቅና ተራራ ያወጡበታል። መልኩ የጅብ ጥላን ይመስላል፤ ከታች እግር፣ ከላይ ቆብ፣ ሁለቱም መስታወት። ጠፍቶ ስታዩት "ይሄን ጭቃ ማን ገንዘብ አውጥቶ ገዛው?" ትላላችሁ። ሲበራ ግን ጀንበር ልትጠልቅ ያለችበት አንድ አገር እንዳለ ሳሎናችሁ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሚስት ስትጣራ አይሰማም።

ሥራዬ ሆሊውድ አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሞ የእንግዳ መኪና ተቀብሎ ፓርክ ማድረግ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ውድ ዕቃ እነዳለሁ፣ ከዚያ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። ታዲያ ቤቴ ስገባ የማልመልሰው አንድ ነገር ቢኖረኝ ምን ይለኛል?

ሐበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ መንገድ አጠገብ ባለችው ጠባብ አፓርታማችን ውስጥ አምስት መብራት አለ። ልጆቼ "አባባ" ከማለታቸው በፊት "አትንካ" የሚለውን ቃል ነው የለመዱት። ባለቤቴ ሰናይት "እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ሙዚየም?" ትላለች፤ መልስ ግን አትጠብቅም። አራቱ መብራቶች ጨዋ ናቸው፣ በየቦታቸው ቁጭ ብለው ያበራሉ። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ አምስተኛው ነው።

አምስተኛው እግር ብቻ ነው፤ ቆብ የለውም። ኮሪያታውን ውስጥ ቤት ሊለቁ ዕቃቸውን ደጃፍ ላይ ከሚሸጡ አንድ አዛውንት ነው የገዛሁት። እግሩ ላይ ሐይቅ አለ፤ ከሐይቁ ዳር ረጃጅም የዛፍ ግንዶች ቆመዋል። ግንዶቹ ወደ ላይ ወጥተው ወጥተው አንገቱ ጋ ሲደርሱ ያልቃሉ። ቅርንጫፍ የለ፣ ቅጠል የለ። ቅጠሉ ያለው ቆቡ ላይ ነበር፤ ቆቡ ደግሞ የት እንደገባ እግዜር ይወቅ። ቆቡን ይይዙ የነበሩት ሦስት የነሐስ ጣቶች ባዶ አየር ጨብጠው ቀርተዋል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሰናይት ትንሽ ሰፌድ ደፍታበት አገኘሁ። "ራቁቱን ከሚቆም ብዬ ነው" አለች። ተናደድኩ፣ ግን አላወረድኩትም፤ እውነቱን ለመናገር ያምርበት ነበር። ሰፌዱ እንዳይቃጠል ብዬ መብራቱን አብርቼው አላውቅም። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ አራቱን የበሩ መብራቶች አልፎ "ሰፌዱን ከየት አገኛችሁት?" ይላል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ግሌንዴል ውስጥ ግብዣ ያለበት ቤት መኪና ፓርክ እንዳደርግ ተቀጠርኩ። የቤቱ ባለቤት ማዳም አኑሽ የሚባሉ፣ ሰማንያኛ ልደታቸውን የሚያከብሩ አርመን ባልቴት ናቸው። ፀሐዩ አናቴን ሲበላኝ ውሃ ልለምን ወደ ሳሎን ገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት ሎሚ ነው። ፒያኖ ላይ በጎድጓዳ ሳህን የተከመረ ሎሚ። ሳህኑን ያየሁት ቀጥሎ ነው።

ሳህን አልነበረም። ተገልብጦ የተቀመጠ የመብራት ቆብ ነበር። አንገቴን አጣምሜ አየሁት። ቅርንጫፍ! ቅጠል! በቅጠሉ መሀል ያ የማውቀው ሰማይ! ጠርዙ ላይ ደግሞ እኔ ቤት ያለው እግር ላይ ያለው ፊርማ፣ ያው እጅ፣ ያው ጭረት። የማዳም አኑሽ ወንድም መጥተው "ምን ሆንክ?" ሲሉኝ ፒያኖው ሥር ተንበርክኬ ነበር። "ቁልፍ ወድቆብኝ ነው" አልኩ። የዚያን ቀን የሁለት እንግዶችን መኪና አቀያይሬ ሰጠሁ።

በሳምንቱ አበባ ይዤ ተመለስኩ። ማዳም አኑሽ አጭር፣ ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ዓይናቸው የማይታለል ሴትዮ ናቸው። መብራቱን ባላቸው ቤይሩት ሳሉ ለሰርጋቸው የገዙላቸው ነው። ስንት አገር አቋርጦ ምንም ሳይሆን እዚህ ከደረሰ በኋላ፣ ልጃቸውን በዳሩበት ቀን አባትየው ሲጨፍሩ በክርናቸው መቱትና እግሩ እንክትክት አለ። በማግስቱ የተረፈውን ቆብ ገልብጠው፣ ከጓሯቸው ሎሚ ለቅመው ሞሉበትና "እግር እስካገኝለት በዚህ ተጠቀሚበት" አሏቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ፈልገው ሳያገኙ ሞቱ።

"የዚህ እግር መንታ እኔ ቤት አለ" አልኩ። እነዚያ ባለሙያዎች በአንድ ንድፍ ብዙ መብራት ይሠሩ ስለነበር፣ የኔ እግር ከተሰበረው ጋር አንድ ነው።

ዓይናቸው በራ። "ሽጥልኝ!" አሉ።

"እርስዎ ቆቡን ይሽጡልኝ እንጂ!"

"አልሸጥም።"

"እኔም አልሸጥም።"

ደህና ሰው ቢሆን እዚህ ላይ "በሉ ይውሰዱት" ይል ነበር። እኔ ግን ሰብሳቢ ነኝ፤ ሰብሳቢ ደግሞ አንጀት የለውም። ሁለተኛ ጊዜ ኬክ ይዤ ሄድኩ። ኬኩን ተቀበሉኝ፣ ቆቡን አልሰጡኝም። ሦስተኛ ጊዜ በሩን ሳይከፍቱ ከውስጥ ሆነው "እግሩን ይዘህ መጣህ?" አሉኝ። "አልያዝኩም" ስል "እንግዲያው ደህና ዋል" አሉኝ።

ጭንቀቴን የተነፈስኩት ፌርፋክስ ላይ ምሳ ስንበላ ለጋሼ ደምሴ ነው። ጋሼ ደምሴ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ የሰፈራችንን ግማሽ ባልና ሚስት ያጋቡ፣ ሌላውን ግማሽ ያስታረቁ ሰው ናቸው።

"ስንት ጊዜ ሄድክ?" አሉኝ።

"ሦስቴ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

ጉርሻቸውን መልሰው ትሪው ላይ አስቀመጡት። "አይ አንተ ልጅ! ሰው ብቻውን ሄዶ፣ የጨዋ ቤት በር አንኳክቶ፣ ስጡኝ ይላል? እንዴት እሺ ይበሉህ? ሽማግሌ ላክ እንጂ!"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ የጠየቅሁት ሴት አይደለም። የመብራት ቆብ ነው።"

"ገብቶኛል። ቆቡ ከቤቱ ወጥቶ ሊሄድ አይደል? ካንተ እግር ጋር ሊኖር አይደል? ሶ ሥርዓቱ ያው ነው። አንተ እዚህ አገር ስትኖር ሁሉም ነገር በክሬዲት ካርድ የሚገኝ መሰለህ።"

ጤነኛ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔ ግን ሦስት ጊዜ ባዶ እጄን የተመለስኩ ሰው ነኝና "ማን ማን ይሂድ?" አልኩ።

ሦስት ሆኑ። ዋናው ተናጋሪ ጋሼ ደምሴ። ሁለተኛው የሰናይት አጎት ጋሼ ታፈሰ፣ ለተባለው ሁሉ "ልክ ነው" የሚሉ። ሦስተኛው ጋሼ መኮንን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ከገና እስከ ፋሲካ አንድ ቃል የማይወጣቸው። ሰናይት ነገሩን ስትሰማ ሳቋ አላስቆም ብሏት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ድንገት ሳቋን አቆመችና "ቆይ ቆይ። እኔን ስታስጠይቅ ሁለት ሽማግሌ ነው የላክኸው" አለች።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሄድን። ሽማግሌ ሲላክ ጠያቂው አይከተልም፤ እኔ ግን ሹፌር ስለሆንኩ መኪና ውስጥ እንድቆይ ተፈቀደልኝ። ሦስቱም ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ሲሰለፉ፣ ውሻ የሚያንሸራሽር ጎረቤት ቆሞ ቀረ። በሩ ተከፈተ፣ ገቡ። በሰፊው መስኮት ሁሉ ነገር ይታየኛል፣ ድምፅ ግን አይሰማኝም።

ማዳም አኑሽ ሶፋውን አሳዩአቸው። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። እንደገና አሳዩአቸው። ንቅንቅ የለም። ወንድማቸው ከጓዳ ወጥተው ሦስቱን ከራስ ፀጉር እስከ ጫማ አዩአቸው። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ጋሼ መኮንን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ጉልበታቸው ያርፋሉ። "ፖሊስ ሊጠሩ ነው" ብዬ ሞተር አስነሳሁ። በመሀል ጋሼ ደምሴ ከዘራቸውን አንስተው ወደ ሎሚው ጠቆሙ። ማዳም አኑሽ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ከዚያ በሳቅ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወዲያው ሁሉም ቁጭ አሉ። ሞተሩን አጠፋሁ።

ከተቀመጡ በኋላ ግን አልነሣ አሉ። ትሪ ሲገባ፣ ትሪ ሲወጣ፣ እንደገና ሲገባ አያለሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ! እኔ ከልጆቼ ወንበር ሥር የፈሰሰ ቆሎ እየለቀምኩ ቆየሁ። በመጨረሻ የማርማላታ ጠርሙስ ታቅፈው፣ እየተሳሳቁ ወጡ።

"ምን አሉ?" አልኩ።

"ቀበቶዬን ልሰር እንጂ" አሉ ጋሼ ደምሴ። "እንደ ሥርዓቱ ቆምን። 'ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል፤ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም' አልናቸው። 'ልጄ አግብታ ሦስት ወልዳለች' አሉን። ሎሚውን አሳየኋቸዋ!"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሳቁ። ለካ በእነሱም ዘንድ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ እሺ ሳይባል የቀረበለትን አይቀምስም። 'ይህን ሥርዓት ካየሁ ስልሳ ዓመት ሆነኝ፤ ቁጭ በሉ፣ እሺም እምቢም አላልኩም' አሉ። ሥጋ ሲያቀርቡ 'ረቡዕ ነው፣ እንጾማለን' አልን። ጾምም ያውቃሉ! በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ መጣ። አቤት ሩዝ!"

"ልክ ነው" አሉ ጋሼ ታፈሰ።

"ለኔ ትንሽ አልያዛችሁልኝም?"

"ጠያቂ ይበላል እንዴ?"

"እሺ ቆቡስ?"

"አፖይንትመንት ሰጥተውናል። ለቅዳሜ ሳምንት ሙሽራውን ይዛችሁ፣ ዘሩን ቆጥራችሁ ኑ ብለዋል።"

ይህን ያመጡት ጋሼ ደምሴ ራሳቸው ናቸው። እኛ ዘንድ ጋብቻ ሲጠየቅ እስከ ሰባት ቤት እንደሚቆጠር በሩዙ መሀል አውርተውላቸዋል። ለመብራት ዘር ማለት ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደዞረ ነው። እኔ የማውቀው አንድ ቤት ብቻ ነበር፣ የኮሪያታውኑ አዛውንት። ፈልጌ አገኘኋቸው፤ እሳቸው ከቀድሞ ጎረቤታቸው፣ ከአንዲት የፒያኖ አስተማሪ ነው የወሰዱት። አስተማሪዋ ከአክስቷ፤ አክስቷ ባሏ ከፈረንሳይ ያመጣላት። የኔን ጨምሮ አራት ቤት። "ይበቃል" አሉ ጋሼ ደምሴ፣ "ከባሕር ማዶ ያለውን ማን ሄዶ ያጣራል?"

ቅዳሜው ደረሰ። እግሩ በጋቢ ተጠቀለለና ጋሼ መኮንን ጭን ላይ ተቀመጠ፤ ሲያወሩ እጃቸውን የማያወናጭፉ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ነው። ሰናይት "ባዶ እጅ አይኬድም" ብላ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ ማቅረቢያ ስታጣ በዚያችው በመብራቱ ሰፌድ ይዛ መኪናው ውስጥ ገባች። ፍሪዌዩ ላይ እንደዚያ ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም። ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ ይነፋል። ጋሼ ታፈሰ "ሰርግ መስሏቸው ነው" እያሉ በመስኮት እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

የማዳም አኑሽ ወንድም፣ ጋሼ ደምሴ እንደ ጥንቱ በፈረንጅ አጠራር "ሙሴ ሃጎፕ" የሚሏቸው፣ የማጉያ መነጽር ይዘው ጠበቁን። እግሩን ዙሪያውን አዩት።

"እዚህ ጋ ጭረት አለበት" አሉ።

"የልጅነት ጠባሳ ነው" አሉ ጋሼ ደምሴ።

"ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣል?"

"ልከኛ ነው። ስምንት ዓመት ጠብታ አልቀመሰም።"

ዘር ተቆጠረ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ተበላ። ከዚያ ማዳም አኑሽ ተነሡና ወደ ፒያኖው ሄዱ። ሎሚዎቹን አንድ በአንድ ማውጣት ሲጀምሩ ማስቀመጫ አጡ፤ ሰናይት ዳቦው ያለቀበትን ሰፌድ ዘረጋችላቸው። ቆቡን አጥበው በሽርጣቸው አደረቁት። ልቀበላቸው ተነሣሁ። "ተቀመጥ" አሉኝ። ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ብዙ መኪና በጠባብ ቦታ አስገብቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ ግን አላላበኝም።

ቆቡ ሦስቱ የነሐስ ጣቶች ላይ ተቀመጠ። ወለም አለ። ቀስ አድርገው አዞሩት፣ ትንሽ፣ ትንሽ፣ እያንዳንዱ ግንድ ቅርንጫፉን እስኪያገኝ ድረስ። ከዚያ ጠቅ ብሎ ቆመ።

"አብራው!" አሉኝ።

ሶኬቱን ሰካሁ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ምንም የለም። ስምንት ዓመት ሙሉ በየመጽሐፉ ያነበብኩ፣ ዘር የቆጠርኩ፣ ሽማግሌ ያስነሣሁ እኔ ታላቁ የመብራት ሰብሳቢ፣ አምፖል ረስቻለሁ።

ቤቱ ታመሰ። ከሳሎን የተፈታው ትልቅ ነው፣ ከመኝታ ቤት የመጣውም ትልቅ ነው። በመጨረሻ ሙሴ ሃጎፕ ማቀዝቀዣው ውስጥ ግማሽ አካላቸውን አስገብተው የማቀዝቀዣውን አምፖል ፈተው መጡ። ልክ ሆነ። ሰናይት መጋረጃውን ዘጋች፤ አበራሁት።

ሐይቁ ወርቅ መሰለ። ግንዶቹ ከሐይቁ ተነሥተው፣ አንገቱን አልፈው፣ ቅጠላቸው ውስጥ ገቡ። ከቅጠሉ ኋላ ያ ሰማይ ቀላ። ስምንት ዓመት በሐሳቤ ስሥለው የኖርኩት ነገር ይህን አያክልም ነበር። ድንገት፣ ቃል የማይወጣቸው ጋሼ መኮንን ከሶፋው ብድግ ብለው "እልልልልል!" አሉ።

ማዳም አኑሽ ግድግዳው ላይ ወዳለው የባላቸው ፎቶ ዞሩ። "አየህ አንተ ደንባራ" አሉት። "አገኘንልህ።"

ይኼኔ ጋሼ ደምሴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "እኛ ልጅ ልንጠይቅ ነበር የመጣነው" አሉ። "አሁን ሳየው ግን ልጃችን እዚሁ ቤት ነው የሚያምርበት። ሰጥተናል!"

"ልክ ነው!" አሉ ጋሼ ታፈሰ።

አስቡት! የኔ ሽማግሌ! የኔን ቤንዚን የጨረሰ፣ የሚስቴን ዳቦ የበላ ሽማግሌ! እግሬን ሰጠው! "ቆይ" ለማለት አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ያዩኛል። ሽማግሌ የተናገረውን ባጥፍ ፌርፋክስ ላይ ማን ሰላም ይለኛል? ደግሞ ማዳም አኑሽ አልለመኑኝም፤ የመብራቱን ሙቀት በመዳፋቸው እየዳሰሱ ነበር። ሰናይትን አየኋት። ሰናይት እሳቸውን ታያለች።

"ይሁን" አልኩ።

ስንመለስ ጋሼ መኮንን ጭን ላይ ባዶ ጋቢ ነበር። እስከ ፌርፋክስ ድረስ አኮረፍኩ። በኋላ አልቻልኩም። "ጋሼ ደምሴ፣ እርስዎ የማን ሽማግሌ ነዎት?"

"የሁለታችሁም ነኝ። የአንድ ወገን ብቻ የሆነማ ጠበቃ ነው" አሉኝ።

ቤት ስገባ ቦታው ባዶ ነው። ሰፌዱም የለም፤ ከነሎሚው እዚያው ቀርቷል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በዚያ ጥግ ሳልፍ ፊቴን አዞርኩ። በአሥረኛው ቀን ስልክ ጮኸ።

"ማዳም አኑሽ ነኝ። መልሱ መቼ ነው?"

"የምን መልስ?"

"ሽማግሌህ ነግረውኛል። ሰርግ ካለ መልስ አለ። ሙሽሮቹ ተጠርተው ይጋበዛሉ። ልጃችሁን አግብቶ ከሄደ ወዲያ አትጠሩትም እንዴ? ምን ዓይነት ቤተሰብ ናችሁ?"

እሑድ ቀን መጡ። ሙሴ ሃጎፕ ይነዳሉ፤ መብራቱ የፊት ወንበር ላይ በቀበቶ ታስሯል፤ ማዳም አኑሽ ከኋላ ሆነው በሁለት እጃቸው ደግፈውታል። ሰናይት ዶሮ ሠርታለች። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ቦታ ይዘዋል። ጎረቤት ሰምቶ መጣ፤ የሰማው ላልሰማው ነግሮ እሱም መጣ። መብራቱ በጥንት ቦታው ሲበራ ልጆቼ እንኳ ሳይነገራቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ሙሴ ሃጎፕ ከጋሼ ታፈሰ ጋር እስክስታ ሲሞክሩ፣ ማዳም አኑሽ "ክርንህን! ክርንህን!" እያሉ ይጮኻሉ።

ሊሄዱ ሲነሡ መብራቱን ነቅዬ በጋቢ መጠቅለል ጀመርኩ። ማዳም አኑሽ ቆሙ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ላስገባልዎት ነዋ፣ መኪና ውስጥ።"

"ለመልስ የመጣ ሙሽራ ስንት ቀን ይቀመጣል?" አሉ ወደ ጋሼ ደምሴ ዞረው። የጋሼ ደምሴን አፍ ዶሮ ሞልቶት ነበር። የመለሱት ጋሼ መኮንን ናቸው።

"እስኪናፍቅ ድረስ" አሉ።

የሰው ቋንቋ ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ማዳም አኑሽ ከተተረጎመላቸው በኋላ ጥቂት አሰቡበትና "ኦኬ። ሲናፍቀኝ እደውላለሁ" አሉ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደወሉ። መብራቱን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጋሼ መኮንንን ጭን አበድሩኝ ብዬ ወሰድኩላቸው። በሌላው ወር እኔ ደወልኩ፣ አመጡልኝ። እንዲህ ነው የምንኖረው። ቀን የሰው ዕቃ ነድቼ እመልሳለሁ፤ በዕረፍት ቀኔ ደግሞ የራሴን ነድቼ እመልሳለሁ። ፒያኖው ላይ የሰናይት ሰፌድ ከነሎሚው አለ። መብራቱን ይዤ በሄድኩ ቁጥር ማዳም አኑሽ አንድ ከረጢት ሎሚ ያሸክሙኛል፤ ቤታችን ሎሚ ያልተጨመቀበት ምግብ ቀርቷል።

ባለፈው ማክሰኞ ስልኬ ጮኸ።

"ናፈቀኝ" አሉ ማዳም አኑሽ። "ነገ አምጣ።"

"ማዳም፣ መብራቱ እኮ እርስዎ ጋ ነው ያለው። ቅዳሜ ለት ነው ያመጣሁልዎት።"

"እሱማ አጠገቤ ነው፣ እየበራ ነው" አሉ።

"ታዲያ ምን ላምጣ?"

"ሽማግሌዎቹን" አሉኝ። "ሩዙን ጠቅልዬ ጨርሻለሁ።"

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ጋሼ መኮንን ከሁሉም ቀድመው፣ ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መኪናው ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በዚህኛው ጉዞ እኔም ከመኪናው ወረድኩ። ማዳም አኑሽ በሩን ከፈቱልን፤ አራታችንም እሺ ሳንባል ተቀመጥን።